አዲስ የተቀባው ግድግዳ

ቤቱን ልናይ የሄድን ዕለት መጀመሪያ የተቀበለን የቀለም ሽታ ነበር፤ ገና በደንብ ያልደረቀ፣ ራስ የሚይዝ ሽታ። እኔና ባለቤቴ ተያይተን ፈገግ አልን። የቀድሞዎቹ ተከራዮች በወጡ በሳምንቱ ቀለም አስቀብቶ የሚያከራይ ሰው ለቤቱ የሚጠነቀቅ ሰው ነው ብለን ደመደምን። ሳሎኑ ግን አሮጌ ቀለም ነበረው። ኮሪደሩም እንደዚያው። አዲስ የተቀባው አንድ ክፍል ብቻ ነበር፤ በዚያም ክፍል ውስጥ አንዱ ግድግዳ ብቻ። ያንን ክፍል ለልጃችን መኝታ መረጥነው፤ ከሁሉም ንጹሕ ስለመሰለን።

ያ ግድግዳ ብቻውን ለምን እንደተቀባ ለመጠየቅ ሰባት ወር ፈጀብኝ። በመካከሉ ያጠፋሁትንና በመጨረሻ የሠራልኝን ልጻፈው። እጃችሁን እርጥብ ግድግዳ ላይ አሳርፋችሁ «ጥፋቱ የእኔ ይሆን?» እያላችሁ የምታነቡ ካላችሁ ጥቂት ወር ይተርፍላችሁ ይሆናል።

በሦስተኛው ወር ቀለሙ ማበጥ ጀመረ። እሳት እንዳቃጠለው ቆዳ ውሃ የቋጠረ ይመስላል፤ በጥፍር ሲነኩት ይፈርጣል፣ ከሥሩ ያለው ልስን እንደ እርጥብ አሸዋ ይረግፋል። ቁም ሳጥኑን ያስጠጋንበት ጥግ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ። የልጄ ልብሶች ታጥበው የተቀመጡ ሆነው ሳለ ሻጋታ ሻጋታ ይላሉ። ከሁሉም ያስጨነቀኝ ግን የሌሊት ሳሏ ነው። ቀን ቀን ደህና ናት፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይጀምራትና እስኪነጋ አይለቃትም። እናቴ ቤት ባደረች ቁጥር ሳሉ ይጠፋል። ይህንንም ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

አከራያችንን ስማቸውን ትቼ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ስጠራቸውም እንዲሁ ነበር። ደወልኩላቸው፣ በማግስቱ መጡ፤ በዚህ አላማቸውም። ግድግዳውን አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ልጄ፣ መስኮት አትከፍቱም እኮ» አሉኝ። «ከእናንተ በፊት የነበሩትም እንዲሁ ነበሩ። ቤት አየር ካላገኘ ይታፈናል።»

እኔም ይቅርታ ጠየቅኩ! ያን ጊዜ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ጆሮዬ አልነቃም። የማይተዋወቁ ሁለት ቤተሰቦች አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ግድግዳ ላይ፣ አንድ ዓይነት ጥፋት ያጠፋሉ? የሚመሳሰለው ተከራዩ ሳይሆን ግድግዳው እንደሆነ የተናገሩት ራሳቸው ነበሩ። እኔ ግን በሰው ቤት እንደሚኖር ሰው አንገቴን ደፋሁና መስኮት መክፈት ጀመርኩ። በብርድ ከፈትኩ፣ ልጄን ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤላት ከፈትኩ። ክፍሉ በረደ እንጂ ግድግዳው አልደረቀም።

ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ሐኪሟ ደረቷን አዳምጣ ከጨረሰች በኋላ የጠየቀችኝ ስለ መድኃኒት አልነበረም። «የምትተኛበት ክፍል እርጥበት አለው?» አለችኝ። አዎ ስላት «ሳሉ የመጣው በሻጋታው ነው ብዬ ልፈርምልሽ አልችልም፤ ግን እርጥብ ክፍል ውስጥ እያደረች በመድኃኒት ብቻ ትድናለች ብዬም አልዋሽሽም» አለችኝ። ይህ አነጋገር በኋላ በጣም ጠቅሞኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያም እርጥብና ሻጋታ ያለበት ቤት ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካል ሕመም፣ ለአለርጂና ለአስም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን ይገልጻል፤ መፍትሔውም እርጥበቱን ከመነሻው መከላከል ነው ይላል። ከአከራይ ጋር ስትነጋገሩ «ቤትህ ልጄን አሳመመብኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። ያንን ማስረዳት ከባድ ነው፣ ሰውየውንም ያስቆጣል። «ግድግዳው እርጥብ ነው፤ እርጥብ ግድግዳ ለማንም ጤና አይሆንም» ማለት ይበቃል። ለዚህ ማስረጃው ግድግዳው ራሱ ነው።

ነገሩን የለወጠው ግን አንዲት ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ናት። ሙቀትና በአየር ውስጥ ያለውን እርጥበት በመቶኛ የምታሳይ፣ የእጅ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ። ቤት ውስጥ የአየር እርጥበት ከ60 በመቶ በታች ቢሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ30 እስከ 50 በመቶ ባለው ውስጥ ቢቆይ ይመከራል። እኛ ጋ ሌሊቱን 68 እና 70 ያሳይ ነበር። ጠዋት መስኮት ከፍቼ ግማሽ ሰዓት ካቆየሁ በኋላ ወደ 50 ይወርዳል። ግድግዳው ግን ያው ነው፤ ስነካው ይቀዘቅዘኛል፣ እርጥበቱ መዳፌ ላይ ይቀራል። አየሩ ደርቆ ግድግዳው ካልደረቀ፣ ውሃው ከአየሩ አይደለም የሚመጣው ማለት ነው። ከሦስት ወር የመስኮት ክርክር በኋላ ይህ ሐሳብ ሲመጣልኝ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል፤ የጠቡ ሥር ያለው እዚህ ስለሆነ። ሞቃት አየር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፣ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ገደማ ውሃ ይይዛል፤ 10 ዲግሪ ሲሆን ከ9 ግራም ብዙ አያልፍም። ስለዚህ የሞቀው የክፍል አየር ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ትርፉን እዚያው ያራግፈዋል፤ መስኮት ጠዋት ጠዋት የሚያልበው በዚህ ነው። ይህ ከእኛ ትንፋሽ፣ ከገላ መታጠቢያ፣ ከድስት፣ ከታጠበ ልብስ የሚመጣ ውሃ ነው። ሌላው ዓይነት ከቤቱ አካል የሚመጣ ነው፤ ከተሰነጠቀ ጣሪያ፣ ከተደፈነ አሸንዳ፣ ከመሬት፣ ከቧንቧ። ሁለቱም ግድግዳ ያረጥባሉ፣ ሁለቱም ሻጋታ ያበቅላሉ። የመጀመሪያውን ለመቀነስ ተከራዩ ብዙ ማድረግ ይችላል፤ ለሁለተኛው የቱንም ያህል መስኮት ብትከፍቱ ዋጋ የለውም። አከራይም ተከራይም ይህንን ሳይለዩ ከተከራከሩ ሁለቱም ለየራሳቸው እውነት እየተናገሩ ዓመት ያልቃል።

መለያ ምልክቱ ቦታውና ጊዜው ነው። ከወለሉ ተነሥቶ እስከ አንድ ሜትር ገደማ የሚወጣ፣ ጫፉ ላይ ነጭ ጨው የሚያወጣ እድፍ ከመሬት የመጣ ነው። ኮርኒሱ አጠገብ ሆኖ በዘነበ ቁጥር የሚሰፋ ከጣሪያ ወይም ከአሸንዳ ነው። ከቁም ሳጥን ጀርባና ክፍል ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ከሆነ ብዙ ጊዜ አየር ያላገኘ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ የተራገፈ እንፋሎት ነው። ዝናብም ሆነ ፀሐይ ሳይለይ ቀስ እያለ የሚሰፋ ሲሆን ቧንቧ ጠርጥሩ። የእኛ ግድግዳ በአንድ በኩል መኝታ ቤት ነው፤ በሌላው በኩል የገላ መታጠቢያው አለ።

ከዚያ የፎይሉን ሙከራ ሠራሁ። የወጥ ቤት ፎይል በአንድ ክንድ ያህል ቆርጣችሁ፣ ግድግዳውን በጨርቅ አድርቃችሁ፣ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ታሽጉታላችሁ። 48 ሰዓት ትታችሁ ትመለሳላችሁ። ከክፍሉ በኩል ያለው የፎይሉ ፊት ካላበው፣ እርጥበቱ ከአየሩ ነው። ስትገልጡት ጀርባው ከረጠበ፣ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ እየወጣ ነው። እኔ ሁለት ለጠፍኩ፤ አንዱን ባበጠው ግድግዳ ላይ፣ ሌላውን ቁም ሳጥኑ በነበረበት በውጭው ግድግዳ ጥግ ላይ።

ውጤቱ ግማሽ ያኮራል፣ ግማሽ ያሳፍራል። ባበጠው ግድግዳ ላይ ያለው ፎይል ፊቱ ደረቅ፣ ጀርባው ውሃ የሚያንጠባጥብ ነበር። በውጭው ጥግ ያለው ግን ፊቱ ላይ አልቦት ጀርባው ደርቆ ተገኘ። ያኛው የእኛ ነበር። ክፍሉ ሰፊ ስለሆነ የታጠበ ልብስ የምናደርቀው እዚያ ነበር፤ አንድ ማጠቢያ ሙሉ እርጥብ ልብስ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ ለክፍሉ አየር ይሰጣል። ጋሼ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም ነበር ማለት ነው። ባለቤቴ «ይህንንስ አንነግራቸውም» አለኝ። እኔ ነገርኳቸው፤ ለምን እንደጠቀመኝ ወደ ታች ትደርሱበታላችሁ።

ቀጥሎ የውሃ ቆጣሪው ነው። ማታ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘጋን፣ የቆጣሪውን ቁጥር እስከ መጨረሻዋ ቀይ አሃዝ ድረስ ፎቶ አነሣሁ። ማንም ሌሊት ውሃ እንዳይነካ ተስማማን፤ ለልጄ ማታውኑ ውሃ ቀድተን አስቀመጥን። ጠዋት ቁጥሩ ተንቀሳቅሶ ነበር። ልደሰት ስል ባለቤቴ «የሽንት ቤቱ ታንከርስ?» አለኝ። ልክ ነው፤ የሽንት ቤት ማጠራቀሚያ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ሳህኑ ሊያንጠባጥብ ይችላል። ጥቂት የቀለም ጠብታ ማጠራቀሚያው ውስጥ ጨምራችሁ ማጠቢያውን ሳትነኩ ግማሽ ሰዓት ብትቆዩ፣ ሳህኑ ውስጥ ቀለም ከታየ እዚያ እያፈሰሰ ነው። እኛ የማጠራቀሚያውን መዝጊያ ዘግተን በማግስቱ ሌሊት ሙከራውን ደገምነው። ቆጣሪው አሁንም ሄደ። ትንሽ ነው፤ ግን በሰከንድ አንድ ጠብታ እንኳ በቀን ወደ 20 ሊትር ይደርሳል፤ ያ ሁሉ ውሃ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ አስቡት። ቆጣሪው ባይንቀሳቀስ ኖሮ ነገሩ አለቀ ማለት አልነበረም፤ ጥርጣሬው ወደ ፍሳሽ ቱቦውና ወደ ሴራሚኩ መጋጠሚያ ይዞር ነበር፤ እነሱ በቆጣሪ አይታዩም። ያን ጊዜ ጥቂት ቀን ሌላ ቦታ እየታጠቡ ግድግዳው ይጠፍፍ እንደሆን ማየት ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ከጋሼ ጋር የተነጋገርነው ሁሉ በቃል ነበር። ከጻፍኩት ደብዳቤ ዋናውን ክፍል እዚህ አኖረዋለሁ፤ የሚጠቅመው ይቅዳው፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ። በልጄ መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ስላለው እርጥበት በሦስተኛው ወር ነግሬዎት ነበር፤ ከዚያ በኋላም ሁለት ጊዜ አስታውሻለሁ። አሁን ሁለት ነገር አረጋግጫለሁ። አንደኛ፣ በመታጠቢያ ቤቱ በኩል ያለው ግድግዳ የሚረጥበው ከውስጡ ነው። ሁለተኛ፣ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ፣ የሽንት ቤቱም ተዘግቶ፣ ቆጣሪው ሌሊት ይንቀሳቀሳል። ፎቶዎቹን አያይዤያለሁ። በውጭው ጥግ ላይ ያለው ሻጋታ ግን ከእኛ የልብስ ማድረቅ የመጣ ነው፤ ማድረቁን አቁመናል፣ ጥጉንም ራሳችን እናጸዳለን። የምጠይቅዎት በአሥር ቀን ውስጥ ቧንቧ ሠራተኛ ግድግዳውን እንዲያየው፣ ምንጩ ሳይደፈን ቀለም እንዳይቀባ፣ ልስኑ ተነሥቶ እስኪደርቅ ክፍሉ የሚዘጋበትን ጊዜ በኪራዩ ላይ እንድንነጋገርበት ነው።»

በወረቀት አንድ ሰጠኋቸው፣ ቅጂውን በስልክ መልእክት ላክሁ፤ መልእክቱ የተላከበት ቀንና ሰዓት አብሮ ስለሚቀመጥ። ቃላቱን ስመርጥ ባለቤቴ «በጣም ለሰለሰ» አለኝ። ይለስልስ። ደብዳቤ የሚጻፈው ለተቀባዩ ብቻ አይደለም፤ ነገሩ አንድ ቀን ሽማግሌ ወይም ዳኛ ፊት ቢቀርብ የሚያነበውም ሰው አለ። ያ ሦስተኛ ሰው ስድብ ሲያነብ ከተሰዳቢው ጋር ያዝናል።

በአራተኛው ቀን በሩ ተንኳኳ። ቧንቧ ሠራተኛ ብዬ ስከፍት ባልዲና ብሩሽ የያዘ ቀለም ቀቢ ቆሟል።

ከሁሉም የከበደኝ ያ ቅጽበት ነው። ሰውየው ለዕለት ሥራው መጥቷል፣ ጥፋት የለበትም፣ እኔ ደግሞ ባለቤት አይደለሁም። «ወንድሜ፣ ይቅርታ፣ ዛሬ አይቀባም» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ወደ ውስጥ አጮልቆ አየና፣ «ያው ግድግዳ ነው?» አለኝ። «እኔ ራሴ ሦስት ጊዜ ቀብቼዋለሁ እኮ። ለጋሼም ነግሬያቸው ነበር፤ ይኼ በቀለም አይድንም ብያለሁ።» ቁጭ አድርጌ ሻይ ሰጠሁት። ካንተ የሰማሁትን ለጋሼ ፊትህ ልድገመው ወይ ስለው «እኔው እደውልላቸዋለሁ» አለኝና ደወለላቸው።

ጋሼ ማታውን መጡ። ደብዳቤው ላይ የእኛን ጥፋት መጻፌ የሠራው እዚህ ላይ ነው። ገና ሲገቡ «ልብሱስ?» ብለው ሊጀምሩ ነበር፤ «እሱ የእኛ ነው፣ ጽፌዋለሁ» ስላቸው የሚከራከሩበት አጡ። ወደ ቆጣሪው ወረድን። ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ ትንሿ ጎማ በዝግታ ስትዞር አብረን አየን። ምንም አላሉም። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አይተው፣ «ይህንን ቧንቧ ያስቀበርኩት እኔ ነኝ፤ ግድግዳው ሲሠራ ቆሜ ነበር» አሉ።

እስከዚያ ድረስ ገንዘብ ላለማውጣት የሚሸሹ ሰው አድርጌ ነበር የማያቸው። ቀለም ማስቀባት ሦስት ጊዜ ከፍለዋል እኮ፤ ቆጣቢ ሰው እንዲህ አያደርግም። ግድግዳውን በከሰስኩ ቁጥር እሳቸው የሰሙት የገነቡት ሲሰደብ ነው። ይህን ማወቄ መብቴን አይቀንሰውም፤ አነጋገሬን ግን ለውጦታል፤ ከዚያ ማታ ወዲህ «ቤትዎ» ማለት ትቼ «ያ ቧንቧ» እላለሁ።

ቧንቧ ሠራተኛው ሁለት ሴራሚክ አንሥቶ አገኘው። ክርኑ ላይ ያለው መጋጠሚያ ዝጎ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አውጥቷል። ሥራው ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀም።

ብዙ ሰው ጉዳዩ እዚህ አለቀ ብሎ ይሳሳታል። ቧንቧው ተጠገነ ማለት ግድግዳው ደረቀ ማለት አይደለም። የረጠበ ልስንና ግንብ በዝግታ ነው የሚደርቀው፤ ባለሙያዎች በልምድ የሚሉት ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ወር ያህል ነው። ስለዚህ የተበላሸው ልስን ከእድፉ ጠርዝ አልፎ ተነሣ፣ ግንቡ ራቁቱን ቀረ፣ ልጄ ወደ እኛ ክፍል ገባች። ጋሼ በሁለተኛው ሳምንት «አሁንስ ይለሰን» ብለው ነበር፤ የፎይል ሙከራውን እንድገመውና እናያለን አልኳቸው፤ ጀርባው አሁንም ረጠበ። ሁለተኛ ሳይጠይቁኝ ጠበቁ። ክፍሉ የተዘጋበትን ጊዜ ከኪራዩ ላይ በድርሻው ቀነሱልን፤ ያንንም በአንድ ወረቀት ጽፈን ሁለታችንም ፈረምን፤ እኔ ብጠይቅ የሚቀየሙ መስሎኝ ነበር፣ እሳቸው ግን «ለእኔም ይበጃል» አሉ።

የውጭውን ጥግ ሻጋታ ያጸዳነው እኛ ነን። ከአንድ ሜትር ካሬ ያነሰ ከሆነ ራሳችሁ ልታጸዱት ትችላላችሁ፤ ከዚያ ከበለጠ ለባለሙያ ተዉት። አፍና አፍንጫችሁን በደንብ ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ መስኮቱን ክፈቱ፣ የክፍሉን በር ዝጉ፣ ልጅና አስም ያለበት ሰው አይቅረብ። በደረቅ ብሩሽ አትፈግፍጉት፤ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። በሳሙና ውሃ አርጥባችሁ ጥረጉና አድርቁት። በረኪና ብዙ ሰው የሚያምንበት ነው፤ እንደ ሴራሚክ ያለ ለስላሳ ነገር ላይ ይሠራል፣ እንደ ልስንና እንጨት ያለ ውሃ የሚመጥ ነገር ላይ ግን ቀለሙን ያነጣዋል እንጂ ሥሩን አይነካም። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ በተለይም ከአሞኒያ ወይም ከአሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የሻገተ ፍራሽ አይድንም፤ የእኛን ጣልነው፣ አዘንኩበት፣ አዲስ ስለነበር።

ስለ ሕግ ብዙ አልልም፤ ከአገር አገር ይለያያልና የሚመለከታችሁን የአገራችሁን ሕግ አንብቡ። በብዙ አገር ግን አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ ብቁ አድርጎ የማቆየት ግዴታ አለበት፤ ጣሪያ፣ ግድግዳ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር፣ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ በእሱ በኩል ናቸው። ተከራይ ደግሞ ማጽዳት፣ አየር ማስገባት፣ ብልሽት ሲያይ ሳይዘገይ መንገር አለበት። የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች፤ ግን አከራይ ያልተነገረውን እንዲጠግን አይጠበቅም፤ እናንተ የተነገረው መቼ እንደሆነ ማሳየት ካልቻላችሁ ያልተነገረው ያህል ነው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ተናድዳችሁ ኪራይ እንዳታቆሙ። በብዙ ቦታ ኪራይ ያልከፈለ ተከራይ በሌላው ሁሉ እውነተኛ ቢሆንም ከቤት የሚያስወጣውን ምክንያት ለአከራዩ በእጁ ሰጥቶታል። ቅናሽ ከተስማማችሁ በጽሑፍ፤ ካልተስማማችሁ እየከፈላችሁ ተከራከሩ።

እንግሊዝ ውስጥ ሮችዴል በምትባል ከተማ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሁለት ዓመት ሕፃን ሞቶ ነበር። በ2022 የሞቱን ምክንያት የመረመረው ችሎት በተከራዩት ቤት ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ በመጋለጡ በደረሰበት የመተንፈሻ አካል ጉዳት እንደሞተ ወሰነ። አባቱ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲናገር ነበር፤ የተሰጠው መልስ ቀለም ቀባበት የሚል ነበር። ጥፋቱም በቤተሰቡ አኗኗር ተላክኮ ነበር። ይህንን ያነበብኩት ቀለም ቀቢው በር ላይ ከመጣ በኋላ ነው፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከ2025 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ጀምሮ በእንግሊዝ የማኅበራዊ ቤት አከራዮች፣ ማለትም ቤት በዝቅተኛ ኪራይ የሚያከራዩ መስተዳድሮችና ድርጅቶች፣ ጉልህ የእርጥበትና የሻጋታ አደጋ ሲነገራቸው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ የመመርመር ግዴታ አለባቸው። ደብዳቤዬ ላይ አሥር ቀን ያልኩት እንዲያው በግምት ነበር፤ ብዙም አልሳትኩም።

ጠቡ ሁሉ በእርጥበት ላይ ይሁን እንጂ ቤት የሚያሳምመው በዚያ ብቻ አይደለም። በጋዝ የሚሠራ ውሃ ማሞቂያ ካለ ጭስ ማውጫው መፈተሹን ጠይቁ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ተኝታችሁ ሳለ ይገድላል። ብዙ ጊዜ ያልተጠቀማችሁበት የወለል ፍሳሽ ከሸተተ አከራይ ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ባልዲ ውሃ አፍስሱበት፤ ሲፎኑ ውስጥ፣ ማለትም ከሥሩ ባለው ጠማማ ቱቦ ውስጥ፣ ሽታ የሚያግደው ውሃ ደርቆ የፍሳሽ ጋዝ እያስገባ ሊሆን ይችላል። ሽታው ከተመለሰ ያን ጊዜ አከራዩን ጥሩ።

አሁን ቤት የሚያይ ጓደኛ ሲኖረኝ አብሬ እሄዳለሁ፤ ትንሽ የማሰለች ሳልሆን አልቀርም። ቁም ሳጥን ከፍቼ አሸታለሁ። የቤት ዕቃ ካለ ጀርባውን አያለሁ። መታጠቢያ ቤቱ ከየትኛው ክፍል ጋር ግድግዳ እንደሚጋራ እለያለሁ፣ በዚያ ግድግዳ ግርጌ እጄን አሳልፋለሁ። ቢቻል ከዝናብ በኋላ እንድንመለስ እጠይቃለሁ። በገቡበት ቀን እያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሥተው ለአከራዩ እንዲልኩ አደርጋለሁ። አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ካለው ደግሞ «ይህኛው ለምን ተቀባ?» እላለሁ። መልሱ ያን ያህል አያስፈልገኝም፤ አከራዩ ከመመለሱ በፊት ወዴት እንደሚያይ ነው የማየው።

የእኛ ግድግዳ ተለስኖ ከተቀባ ሦስት ወር አልፎታል። ልጄ ወደ ክፍሏ ተመልሳለች፤ የሌሊቱ ሳል በጣም ቀንሷል፣ ጨርሶ ጠፍቷል ግን አልልም። ባለፈው ሳምንት ለራሴ ማረጋገጫ ፎይሉን እንደገና ለጥፌ ነበር። ፊቱም ጀርባውም ደረቅ ሆነ። ፎቶ አንሥቼ ለጋሼ ላክሁላቸው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ደወሉ። «ተመስገን» አሉ፣ ስለ ልጄ ጠየቁ፣ ትንሽ ዝም አሉና «ያቺ የእርጥበት መለኪያ የት ነው የምትገኘው ልጄ? እዚህ የእኛ መኝታ ቤት ጥግ ላይ፣ ከአልጋው ጀርባ፣ የሆነ ነገር አለ» አሉኝ።